መስቀል በገንዘብ ላይ፦ የንጉሥ ኢዛና ሕይወትና ሳንቲሞቹ



በ2013 ዓ.ም. መስከረም ወር አዲሶቹ የብር ኖቶች ሲወጡ፣ እኔ በማገለግልባት በጊኒር ከተማ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አዲሱን ባለ ሁለት መቶ ብር አገላብጠው ካዩ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ። አሜሪካኖች በገንዘባቸው ላይ በእግዚአብሔር እንደሚታመኑ ጽፈዋል፤ ስሟ በመጽሐፍ ቅዱስ ደጋግሞ የተጠራው አገራችን ግን በብሯ ላይ የእግዚአብሔርን ስም የማትጽፈው ለምንድን ነው? የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ወገኖች ሰምቻለሁ። እናንተም ሰምታችሁት ይሆናል፤ ምናልባትም ራሳችሁ ጠይቃችሁታል።

የአሜሪካኖቹን ታሪክ ባጭሩ እንለፈው። ጽሑፉ አገሪቱ ስትመሠረት የነበረ አይደለም። የእርስ በርስ ጦርነታቸው ሲፋፋም፣ እ.ኤ.አ. በ1861 አንድ የፔንሲልቬንያ ሰባኪ ለገንዘብ ሚኒስትሩ ደብዳቤ ጻፈ፤ በ1864 ጽሑፉ በሁለት ሳንቲም ላይ ወጣ። በ1907 ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የእግዚአብሔርን ስም በገንዘብ ላይ ማድረግ ስሙን ማቃለል ነው ብሎ ስላመነ ከአዲሶቹ የወርቅ ሳንቲሞች እንዲቀር አደረገ፤ ምክር ቤቱ ግን በዓመቱ መለሰው። በወረቀት ገንዘብ ላይ የታተመው ገና በ1957 ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ጽሑፉ እንዲቀር የፈለገው ሰው እግዚአብሔርን የሚክድ ሰው አልነበረም።

ይሁን እንጂ ለዚህ ጥያቄ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ነገሩ በገዛ አገራችን ተሞክሯል፤ ለዚያውም ዶላር የሚባል ገንዘብ ከመታሰቡ ከ1,400 ዓመት በፊት። በገንዘባቸው ላይ መስቀልን ካስቀረጹ የዓለም ነገሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ነው። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት አብረን እንድንመለከት እጋብዛችኋለሁ።

አባቱ የሞተበት ልጅ

ኢዛና የኖረው ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። አባቱ እለ አሚዳ ይባላል። በአገራችን ትውፊት አብርሃና አጽብሃ የተባሉ ሁለት ወንድማማች ነገሥታት ክርስትናን እንደተቀበሉ ይነገራል፤ ብዙ የታሪክ ሰዎች እነዚህን ከኢዛናና ከወንድሙ ከሳይዛና ጋር ያገናኟቸዋል። በድንጋይና በሳንቲም ላይ የምናገኘው ስም ግን ኢዛና የሚለው ነው።

በዚያን ዘመን አክሱም ታላቅ መንግሥት ነበረች። ወደቧ አዱሊስ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅና ዕጣን ይጫንባት ነበር። ከኢዛና በፊት፣ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ፣ እንዱቢስ የተባለ ንጉሥ በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ሳንቲም ማስመታት ጀምሮ ነበር። በወርቁ ሳንቲም ላይ የንጉሡ ምስል ይታያል፤ በግራና በቀኝ ሁለት የእህል ዛላዎች ከብበውታል። እኛ የባሌ ሰዎች ስንዴና ገብስ የምናመርት ስለሆንን ይህን ስናይ ደስ ሊለን ይገባል! ከንጉሡ ራስ በላይ ደግሞ ክብ ነገርና ጨረቃ አለ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ የእስልምና ምልክት ይመስለው ይሆናል፤ እስልምና ግን ገና ሦስት መቶ ዓመት ቆይቶ የመጣ ነው። ይህ በባሕር ማዶም፣ በደቡብ ዓረብ አገር፣ ይታወቅ የነበረ የጣዖት አምልኮ ምልክት ነው። ስለዚህ የአክሱም ገንዘብ ከመጀመሪያውም ሃይማኖት አልባ አልነበረም። ንጉሡ የማንን ጥበቃ እንደሚፈልግ በእያንዳንዱ ሳንቲም ላይ ይናገር ነበር።

ከጢሮስ የመጣው የሒሳብ ሰው

የወንጌልን ወደ አክሱም መግባት የጻፈልን ሩፊኖስ የተባለ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ነው፤ ነገሩን የሰማው በቦታው ከነበረው ከኤዴስዮስ አፍ ነው። ሜሮጵዮስ የሚባል የጢሮስ ፈላስፋ ሁለት ወጣት ዘመዶቹን ይዞ በባሕር ሲጓዝ፣ መርከቧ ውኃ ለመቅዳት ወደ ዳር ስትጠጋ የአገሩ ሰዎች ተነሡባትና ተሳፋሪዎቹን ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ። ስላሳዘኑ ሳይገደሉ ወደ ንጉሡ ተወሰዱ። ታናሹ ኤዴስዮስ የንጉሡ ጠጅ አሳላፊ ሆነ። ፍሬምናጦስ ግን ብልህነቱ ታይቶ የንጉሡ ሒሳብና መዛግብት ኃላፊ ተደረገ።

ውድ አንባቢ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የምናገኘው ጃንደረባም የንግሥቲቱ የህንደኬ ግምጃ ቤት ሹም ነበር። ሁለቱም ሰዎች የታመኑ ገንዘብ ጠባቂዎች ነበሩ። እኛ አገልጋዮች ብዙ ጊዜ የሒሳብ ሥራን ከመንፈሳዊ አገልግሎት ዝቅ አድርገን እናያለን፤ ወንጌል ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው ግን በሒሳብ ሹም በኩል ነው።

ንጉሡ ሲሞት ወራሹ ገና ልጅ ነበር። ንጉሡ ሁለቱን ወጣቶች ነፃ ቢያወጣቸውም ንግሥቲቱ ልጁ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን በማስተዳደር እንዲረዷት ለመነቻቸው፤ እነርሱም ቀሩ። ፍሬምናጦስ በዚህ ጊዜ ያደረገውን ተመልከቱ። ሥልጣን በእጁ ነበረ፤ ገንዘቡም በእጁ ነበረ። ነገር ግን በሳንቲሙ ላይ ምንም አልለወጠም። በአገሩ ይነግዱ የነበሩትን የሮም ነጋዴዎች እየፈለገ ከመካከላቸው ክርስቲያኖቹን ለየ፤ በየቦታው ተሰብስበው የሚጸልዩበትን ስፍራ እንዲያዘጋጁ ረዳቸው። በአክሱም የመጀመሪያዎቹ ጉባኤዎች የተሰበሰቡት ነጋዴዎች በሚውሉበት ስፍራ ነው ማለት ነው። እነዚያ ነጋዴዎች ከጸሎት ሲነሡ ጨረቃ ባለበት ገንዘብ ዕቃ ይገዙና ይሸጡ ነበር። ይህ ከጸሎታቸው አላገዳቸውም።

ጢሮስን ካነሣን አይቀር፣ በጌታችን በኢየሱስ ዘመን በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ግብር ይከፈልበት የነበረው ገንዘብ የጢሮስ ብር ነበር። በእርሱ ላይ የተቀረጸው ደግሞ መልቃርት የተባለው የጢሮስ ጣዖት ራስ ነው! የእግዚአብሔር ቤት ካህናት ይህን እያዩ የተቀበሉት ብሩ ንጹሕ፣ ሚዛኑም የታመነ ስለነበረ ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

ልጁ ሲያድግ ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመለሰ። ፍሬምናጦስ ግን ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለአዲሱ ጳጳስ ለአትናቴዎስ ነገሩን ዘርዝሮ አስረዳ፤ ለእነዚያ ጥቂት አማኞች የሚሆን እረኛ እንዲልክም ለመነው። አትናቴዎስ ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ መልሶ ላከው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራው ይህንን ሰው ነው።

የማኅረም ልጅ ነኝ ያለው ንጉሥ

ኢዛና በዙፋኑ ሲቀመጥ ወዲያው ክርስቲያን አልሆነም። አክሱም ከተማ ውስጥ ዛሬም የሚታየው በግሪክ፣ በግዕዝና በደቡብ ዓረብ ፊደል የተጻፈው ድንጋይ የዚያን ጊዜ ነው። በእርሱ ላይ ኢዛና ራሱን የማኅረም ልጅ ብሎ ይጠራል፤ ማኅረም የጦርነት ጣዖት ሲሆን በግሪኩ ጽሑፍ አሬስ ተብሏል። የማዕረግ ስሞቹ ረጅም ናቸው፤ የአክሱም፣ የሕምያር፣ የሳባ፣ የቤጃና የካሱ ንጉሥ ነኝ ይላል።

ያ ድንጋይ የሚናገረው ስለ ቤጃ ዘመቻ ነው። የቤጃ ሰዎች ሲያምፁ ኢዛና ሁለቱን ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን አዘመተ። ስድስት የቤጃ አለቆች ከነሕዝባቸውና ከነከብቶቻቸው ተማርከው መጡ፤ ሰዎቹ 4,400 ነበሩ። ለወራት በተጓዙበት መንገድ እንጀራ፣ ሥጋና መጠጥ እንደተሰጣቸው፣ በመጨረሻም በሌላ አገር መሬት ተሰጥቷቸው እንደሰፈሩ ተጽፏል። ለዘመኑ ንጉሥ ይህ ምሕረት ነው። ለማኅረም ምስጋና ደግሞ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብርና ሦስት የነሐስ ሐውልቶች ቆሙ። የዚያን ጊዜ ሳንቲሞቹ ላይ ጨረቃዋ እንዳለች ነች።

የሰማይ ጌታ

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለውጥ ድንጋዮቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ኢዛና በኖባ ሰዎች ላይ ስላደረገው ዘመቻ በግዕዝ ባስጻፈው ጽሑፍ ማኅረም ጠፍቷል። ድልን የሰጠው የሰማይ ጌታ፣ በሰማይና በምድር ያለው ነው ይላል። ይህ አጠራር በጣም የተጠነቀቀ ነው፤ አይሁዳዊውም፣ ገና ያላመነውም የአገሩ ሰው ሳይደነግጥ ሊያነብበው ይችላል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1969 አክሱም ውስጥ የተገኘው የግሪክ ጽሑፉ አብን፣ ወልድንና መንፈስ ቅዱስን በግልጽ ይጠራል፤ ንጉሡም የክርስቶስ ባሪያ መሆኑን ይናገራል። ለውጭ ሰው በግሪክ በሙሉ አፉ መሰከረ፤ ለገዛ ሕዝቡ በግዕዝ ለስለስ አድርጎ ተናገረ። እረኛ የሆነ ሰው ይህን ይረዳዋል። ሕዝብ በአንድ ቀን አዋጅ አይለወጥም።

ነገር ግን ያንኑ የግዕዝ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ማንበብ አለብን፤ ብዙ ሰባኪዎች የመጀመሪያውን ብቻ ጠቅሰው ያልፋሉና። ኖባዎች መሐላቸውን አፍርሰዋል፤ መልእክተኞቹንም በድለዋል። ንጉሡ ተከዜን ተሻግሮ አሳደዳቸው፣ ከተሞቻቸውን አቃጠለ። የተማረኩት 629፣ የተገደሉት 758 እንደሆኑ ተቆጥሮ ተጽፏል፤ ከተገደሉት ውስጥ 156 ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። 10,560 ከብትና 51,050 በግ ተዘርፏል። ይህ ሁሉ ለሰማይ ጌታ ምስጋና በሚያቀርብ ጽሑፍ ውስጥ ያለ ነው። በዚያው ጽሑፍ ሕዝቡን በጽድቅና በፍትሕ፣ ሳይበድል ሊገዛ ቃል ይገባል። የቀድሞው ድንጋይ ስለ ማኅረም የሚናገረው ለምርኮኞች እንጀራ ይሰጣል፤ የኋለኛው ስለ ሰማይ ጌታ የሚናገረው ሕፃናትን ጨምሮ ሙታንን ይቆጥራል። ይህን የምለው ንጉሡን ለማዋረድ አይደለም። ኢዛና ያመነው በእውነት ነው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን ስሙ ተለወጠ ማለት እጁ ወዲያው ተለወጠ ማለት አይደለም።

በጨረቃዋ ቦታ መስቀል

አሁን ወደ ሳንቲሙ እንምጣ። ከመጀመሪያዎቹ የኢዛና ሳንቲሞች በላይ ክቡና ጨረቃው አሉ። ቀጥሎ ከብር ሳንቲሞቹ አንዳንዶቹ ምንም ምልክት የሌለባቸው ናቸው። ከዚያ በኋላ መስቀል መጣ። በጨረቃዋ ቦታ፣ በዙሪያው ካለው የግሪክ ጽሑፍ ጋር፣ መስቀል ተቀረጸ። በሮም ግዛት ታላቁ ቆስጠንጢኖስ ራሱ ክርስትናን ከደገፈ በኋላ እንኳ የፀሐይን ጣዖት በገንዘቡ ላይ ለብዙ ዓመታት ትቶታል፤ የክርስቶስን ምልክት ያወጣው እምብዛም በማይታይ መጠን ነው። የአክሱሙ ንጉሥ ግን መስቀሉን ሁሉም በሚያየው ቦታ ላይ አደረገው።

ይህ ድፍረት የሚጠይቅ ነገር ነበር። ሹማምንቱና ሠራዊቱ የአባቶቻቸውን ጣዖት ገና አልተዉም። ሳንቲሞቹ ደግሞ ከአገር ውጭ የሚሄዱ ነበሩ። የአክሱም ገንዘብ በየመን፣ በሕንድና በኢየሩሳሌም በቁፋሮ ተገኝቷል። በዚያን ዘመን ጋዜጣም ራዲዮም የለም፤ አንድ ንጉሥ ማን እንደሆነ ለሩቅ ሰው የሚናገረው ገንዘቡ ነው። ስለዚህ ኢዛና መስቀሉን ሲያስቀርጽ የግል እምነቱን በዓለም ፊት መግለጡ ነበር። ለዚህ ክብር እሰጠዋለሁ።

ሆኖም እውነቱን ሙሉ እንናገር። ከኢዛና በፊት የነበሩት የወርቅ ሳንቲሞች ክብደታቸው 2.7 ግራም ገደማ ነበር። መስቀል ያለባቸው የኢዛና የወርቅ ሳንቲሞች ወደ 1.6 ግራም ናቸው። አትደንግጡ፤ ንጉሡ ሊያጭበረብር ፈልጎ አይደለም። ቆስጠንጢኖስ የሮምን የወርቅ ገንዘብ አዲስ ሚዛን ስላወጣለት አክሱምም ከገበያው ጋር ለመስማማት ሚዛኗን አስተካክላ ነው። ነጋዴዎች በሳንቲሙ ላይ ምን እንደተቀረጸ ብቻ አይተው አይቀበሉትም፤ ይመዝኑታል። መስቀሉ ለጎደለው ወርቅ ማካካሻ አይሆንም።

ወገኖቼ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ስለ ገንዘብ የሚናገረው ስለዚሁ ሚዛን ነው። ዘሌዋውያን 19፥35-36ን፣ ምሳሌ 11፥1ን፣ አሞጽ 8፥5ን አንብቡ። እግዚአብሔር ሕዝቡን በገንዘብ ላይ ስሜን ጻፉ ብሎ ያዘዘበትን ቦታ አላገኘሁም፤ ሐሰተኛ ሚዛንን የጠላበትን ቦታ ግን ደጋግሜ አግኝቻለሁ። ጌታችንም ዲናሩን ሲያሳዩት (ማቴዎስ 22፥15-22) በዚያ ላይ የቄሣር መልክና ቄሣርን የአምላክ ልጅ የሚያደርግ ጽሑፍ ነበር። ጌታ ዲናሩ ይቀልጥ አላለም፤ የቄሣር የሆነውን ከእግዚአብሔር ከሆነው ለየላቸው እንጂ። እዚህ ጊኒር ገበያ ስንዴ ይዞ የሚመጣ ገበሬ ነጋዴውን የሚጠይቀው ስለ ብሩ ጽሑፍ አይደለም። ኩንታሉ በትክክል ተመዝኗል ወይ? ነው ጥያቄው። ነጋዴውም በበኩሉ ከስንዴው ጋር አፈርና ገለባ አለመቀላቀሉን ይመረምራል። ከሁለቱ አንዱ እሑድ ዕለት ከእኛ ጋር የሚዘምር ሰው ከሆነ ምስክርነቱ የሚታየው እዚያ ሚዛኑ ላይ ነው።

ከሮም ንጉሠ ነገሥት የመጣው ደብዳቤ

ኢዛና ክርስቲያን ከሆነ በኋላ የደረሰበት ትልቁ ፈተና የመጣው ከአሕዛብ አይደለም፤ በገንዘቡ ላይ የክርስቶስ ምልክት ካለበት ከሌላ ንጉሥ ነው። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ቆንስታንትዮስ የአርዮስን ትምህርት የሚደግፍ ነበር። አትናቴዎስን ከእስክንድርያ አሳድዶ በቦታው ጊዮርጊስ የሚባል የራሱን ጳጳስ አስቀመጠ። በእርሱ ስም በ350 ገደማ ከወጡት ሳንቲሞች መካከል በዚህ ምልክት ታሸንፋለህ የሚል አሳብ ያለባቸው ይገኛሉ። እንግዲህ በአንድ እጁ እንዲህ ያለ ሳንቲም፣ በሌላ እጁ የወልድን አምላክነት የሚክድ ትምህርት ማለት ነው።

ቆንስታንትዮስ በ356 ገደማ ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ላከ። አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር ጠየቀ። ደብዳቤው ዛሬ የሚገኘው አትናቴዎስ ራሱ በጽሑፉ ውስጥ ስላቆየው ነው። የሮም ንጉሠ ነገሥት በዚያን ጊዜ የዓለም ኃያል ነበር፤ የአክሱም ንግድም ከሮም ገበያ ጋር የተሳሰረ ነው። እምቢ ማለት ወርቅና ዝሆን ጥርስ የሚሸጥበትን በር ሊዘጋ ይችል ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን የአርዮስን መንገድ አልተከተለችም፤ ፍሬምናጦስም እስከ ዛሬ የዚህች አገር አባት ተብሎ ይጠራል። ለእኔ የኢዛና ክርስትና ከሳንቲሙ ይልቅ በዚህ ይበልጥ ይታየኛል። የሁለቱም ነገሥታት ገንዘብ የክርስቶስ ምልክት ነበረበት። የለያቸው ክርስቶስ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ከኢዛና በኋላ ጽሑፉ በዛ፣ ወርቁ ቀነሰ

ከኢዛና በኋላ መስቀል ከአክሱም ገንዘብ ላይ አልጠፋም። ጽሑፍም ተጨመረበት። የንጉሥ ስም በሌለባቸው ትናንሽ የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በግሪክ የተጻፈ አለ፤ ይህ ነገር አገሩን ደስ ያሰኝ ዘንድ የሚመኝ ነው። ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ድሃው በኪሱ የሚይዘውን ገንዘብ የሚያወጣ መንግሥት ሕዝቡን ደስ ማሰኘት እንዳለበት ያውቅ ነበር ማለት ነው። መሐድይስ የተባለ ንጉሥ በግዕዝ በዚህ መስቀል እንደሚያሸንፍ አስጻፈ። ቆየት ብሎ ዮኤል ክርስቶስ ከእኛ ጋር መሆኑን፣ ገርሰም በክርስቶስ ድል እንደሚያደርግ፣ ሐታዝ ለሕዝቦች ምሕረትን አስጻፉ። መስቀሉን ወይም ዘውዱን በወርቅ ይለብጡም ነበር፤ በነሐስና በብር ሳንቲም ላይ እንዲህ ያለ ልባጥ የአክሱም ልዩ ጥበብ ነው።

ነገር ግን የወርቅ ሳንቲሞቹን የመረመሩ ሰዎች ሌላም ነገር አገኙ። በእንዱቢስ ዘመን ንጹሕ የሚባል የነበረው ወርቅ በኋለኞቹ ነገሥታት ዘመን ከብር ጋር እየተደባለቀ በእጅጉ ቀንሷል። የክርስቶስ ስም በግልጽ በተጻፈባቸው ዘመናት ወርቁ ከቀድሞው የጎደለ ነበር። የንግዱ መንገድ እየተዘጋ ስለሄደ ይህ ከነገሥታቱ ክፋት ብቻ የመጣ አይደለም። ቢሆንም ጽሑፉ የወርቁን መውረድ አላቆመውም። ከመጨረሻዎቹ አንዱ የሆነው አርማሕ ለሕዝቦች ደስታ እንዲሆን የሚመኝ ቃል አስጻፈ፤ የእርሱ የወርቅ ሳንቲም ግን የለም፤ ብርና ነሐስ ብቻ ነው። በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ ሳንቲም መምታቱ ቀረ።

ክርስትናስ? ክርስትና ያለ ሳንቲም ቀጠለ። ሕዝቡ በገዛ ቋንቋው ቃሉን የሰማው በግዕዝ በተተረጎመው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ገጠር ድረስ የወረደው ደግሞ ከኢዛና ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው በመጡት ዘጠኙ ቅዱሳን ተብለው በሚጠሩት መነኮሳት ትምህርት ነው። መስቀሉ በገንዘብ ላይ ለመቶ ዓመት ሲዞር ያልሠራውን ትርጉምና ስብከት ሠሩት።

ጠገራ ብርና መስቀል የያዘው አንበሳ

ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን አሞሌ ጨውና የውጭ ብር ተገበያየንበት። አያቶቻችን ጠገራ ብር የሚሉት የማርያ ቴሬዛ ብር 28 ግራም የሚመዝን ነበር። በዙሪያው በላቲን ንግሥቲቱ በእግዚአብሔር ጸጋ የነገሠች መሆኗን የሚያመለክቱ ፊደላት አሉ፤ በጠርዙም ፍትሕና ምሕረት ተጽፏል። በአገራችን ያን ያነበበ ስንት ሰው ነበር? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የወደደው ብሩ ስለማያታልል ነው፤ ሴቶችም ለጌጥ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት።

አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር በፓሪስ ሲያስመቱ ዘውድ የደፋ፣ መስቀል የያዘ አንበሳ አስቀረጹበት፤ ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል እንዳደረገም አስጻፉበት። ራእይ 5፥5ን የምታውቁ ይህ አሳብ ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። አፄ ኃይለ ሥላሴም በ1936 ዓ.ም. ሳንቲሞቻቸው ላይ ያንኑ አንበሳ አስቀጠሉ።

እኛ ባሌዎች ግን ያን ሳንቲም ስናስብ ሌላም ነገር ማስታወስ አለብን። እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 ድረስ የባሌ ገበሬዎች በእነ ዋቆ ጉቱ እየተመሩ ያመፁት በመሬታቸው መወሰድና በግብሩ መክበድ ነው። አብዛኞቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ግብር ሲከፍሉ በእጃቸው የነበረው ሳንቲም መስቀል የያዘው አንበሳ ነው። እስቲ ራሳችሁን በዚያ ገበሬ ቦታ አስቀምጡ። የክርስቶስ መስቀል በመጀመሪያ የደረሰው ከግብር ሰብሳቢ ጋር ከሆነ፣ በኋላ ወንጌል ይዤ ወደ ልጁ ቤት ስሄድ ምን ይሰማዋል? በዚህ አካባቢ ለምናገለግል ይህ የወሬ ጥያቄ አይደለም።

የራሳችንም ወገኖች ከዚያ ገንዘብ ያገኙት ጥበቃ የለም። በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከ200 በላይ የሙሉ ወንጌል አማኞች ተሰብስበው በማምለካቸው ብቻ ታሰሩ። የዚያን ቀን በፖሊሱም በእስረኛውም ኪስ የነበረው ሳንቲም አንድ ዓይነት ነው። ደርግ ሲመጣ ዘውዱንና መስቀሉን ከሳንቲሙ ላይ አነሣ፤ የ1969 ዓ.ም. ሳንቲሞች ላይ አንበሳው ብቻ ቀረ። ስደቱ ግን አልቀነሰም፤ ባሰ እንጂ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ እ.ኤ.አ. በ1979 ተገደሉ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። ስለዚህ ምልክቱ መነሣቱ ያመጣልን ነገር አለ የሚሉትም፣ ምልክቱ ቢመለስ ይጠብቀናል የሚሉትም ከዚህ ታሪክ ማስረጃ አያገኙም። ከ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወዲህ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለይቷል። ዛሬ የምናመልክበት ነፃነት የመጣው በዚያ አንቀጽ እንጂ በሳንቲም አይደለም፤ ያው አንቀጽ የጎረቤቴን የሙስሊሙንም ነፃነት ይጠብቃል። እርሱ ዘካውን፣ እኔ አሥራቴን የምናወጣው ከአንዱ ብር ነው። በዚያ ብር ላይ የእኔን እምነት ቃል አስጽፌ በእጁ እንዲይዘው ባደርግ ወንጌልን ሰበክሁት ማለት አልችልም።

የኢዛና ድንጋዮች አክሱም ውስጥ እስከ ዛሬ ቆመው ይነበባሉ። ሳንቲሞቹ ደግሞ በየሙዚየሙ አሉ። ከክረምት ዝናብ በኋላ የአክሱም ገበሬዎች ሲያርሱ ዛሬም ከአፈር ውስጥ የጥንት ሳንቲም ያገኛሉ። ወርቅ የሚያገኝ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ትንሽ፣ ዝገት የበላው የነሐስ ሳንቲም ነው፤ ያ አገሩን ደስ ያሰኝ የሚለው የድሆች ገንዘብ፣ መካከሉ ላይ መስቀል ያለበት።